አንድ ማሳ፣ አራት ቀለም፦ የአፈር ካርታ አሠርቼ ያየሁት

ከመጨረሻው ልጀምር። ለአፈር ካርታ ያወጣሁት ገንዘብ አልባከነም። ግን ሲሸጡልኝ አፋቸውን ሞልተው ያሞገሱት ነገር ብዙም አልጠቀመኝም። በውሉ ግርጌ በትንሹ የተጻፈው ነው ማሳዬን የቀየረው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ደህና የሠሩልኝም አለ፣ ያበሳጩኝም አለ። በዚህ ሥራ የተሰማሩት የሚያቀርቡት ጥቅል ደግሞ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል፣ የእኔ ነገር ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ማሳው 46 ሄክታር ነው። ስንዴና አኩሪ አተር እያፈራረቅን እንዘራበታለን። ከዳር ቆሞ ለሚያየው አንድ ወጥ ነው። ለሚያርሰው ግን አይደለም። ላይኛው ጥግ ላይ ማረሻው እንደ ቅቤ ይገባል፣ የትራክተሩ ድምፅ ይቀላል። መሃል ላይ ሞተሩ ያቃስታል። ታችኛው ዳር ሲደርስ ጎማው ጭቃ ተሸክሞ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለዓመታት አውቀዋለሁ። ግን ማዳበሪያ ስበትን አላስታውሰውም ነበር። ለሁሉም እኩል። የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚያበርደው ኖራም እኩል፣ ዘርም እኩል።

ለምን ቢባል፣ የላቦራቶሪው ወረቀት አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚሰጠኝ ነው። ከየቦታው አፈር እዘግናለሁ፣ ባልዲ ውስጥ አደባልቃለሁ፣ እልካለሁ። መልሱ ይመጣል፦ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ፣ 5.6። በዚያ ቁጥር ነበር ስመራ የኖርኩት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። 5.6 የሚባል አፈር ማሳዬ ላይ ከሞላ ጎደል የለም። አንዱ ጥግ 4.8 ነው፣ ሌላው 6.3። ፒኤች ደግሞ እንደ ሜትር እኩል እኩል የሚቆጠር አይደለም። አንድ ቁጥር ሲወርድ ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። በሁለቱ ጥጎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 30 እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኖራ ስበትን ከረምኩ።

ጥቅሉ ውስጥ የነበረው እንዲህ ነው። አፈሩን በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ መለካት፣ የአፈር ናሙና ከላቦራቶሪ ምርመራ ጋር፣ የድሮንና የሳተላይት ምስል፣ ከኮምባይነሩ የሚወጣውን የምርት መረጃ ማቀናበር፣ በመጨረሻም ማሳውን በቀጠና ከፍሎ ለየቀጠናው ምን ያህል እንደሚበተን የሚናገር ፋይል። በቀለም ያሸበረቀው ብሮሹር ላይ ከፊት የተቀመጠው ድሮኑ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ይዟል። ከኋላው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ መሬት ለመሬት የሚጎተት ረዘም ያለ ሳጥን አስሯል። መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ከመጀመሩ በፊት አጠገቡ ቆሞ ያስተካክለዋል። ቁልፉን አወጣ፣ ስልኩን አወጣ፣ ቀበቶውን ሳይቀር ፈታ። ነገሩ ምንድን ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ጫማዎ ብረት አለው?»

«ብረት የሌለው የሥራ ጫማ አለ እንዴ?»

«እንግዲያው እዚያ ይቁሙልኝ።»

በገዛ ማሳዬ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መለሰኝ። ወደድኩት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

መሣሪያው መሬቱን አይነካም። መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፣ አፈሩ ውስጥ ደካማ ጅረት ይፈጠራል፣ እሱ ደግሞ መልሱን ይለካል። ሸክላማ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል። አሸዋማው አያሳልፍም። ክፋቱ፣ እርጥበትም ጨውም ያንኑ ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ቁጥሩ «ይሄ ለም ነው፣ ያ ደረቅ ነው» አይልም። «እዚህና እዚያ አንድ አይደለም» ነው የሚለው። ምን እንደሆነ ለማወቅ መቆፈር ነው። ይህን ሳይነግሩ የአስተላላፊነት ካርታን «የለምነት ካርታ» ብለው የሚሸጡ አሉ። እንዳትታለሉ።

በየ12 ሜትሩ እየተመላለሰ፣ በየሰከንዱ አንድ ንባብ እየያዘ፣ ግማሽ ቀን ፈጀበት። የዚህ ሁሉ ሥራ ጀርባው ጂፒኤስ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚለቀቀውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በ100 ሜትር ስህተት ጥግ ፍለጋ ከወጣችሁ የምትበትኑት የጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ማዛባቱ ቀርቶ፣ አርቲኬ የሚሉት እርማት ሲታከልበት፣ አሁን ነገሩ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ሆኗል። ለአፈር ካርታ ግን የሴንቲሜትሩ ጉዳይ ቅንጦት ነው። በሜትር ቢሳሳትም ግድ የለም። የሴንቲሜትሩን ሥርዓት ካልገዛህ አይሆንም ብለው ሊጎተጉቱኝ ሞክረው ነበር፤ እምቢ አልኩ፤ ምንም አልጎደለብኝም።

በማግስቱ ካርታውን ስክሪን ላይ አሳየኝ። ሰማያዊው አሸዋማ፣ ቡናማው ሸክላማ፣ በመሃል ሁለት ዓይነት ቅይጥ። አራት ቀለም። እውነት ለመናገር ልቤ ደንገጥ አለ። ትራክተሩ የሚያቃስትበት ቦታ በትክክል እዚያ ነው። ዓመታት በጆሮዬ የሰማሁትን አሁን በዓይኔ አየሁት። በመሃል ግን አንድ ነገር አለ። በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል።

«ይሄስ?» አልኩት።

«የሸክላ ንጣፍ ሳይሆን አይቀርም።»

ሳቄን ዋጥኩት። አፈር በማስመሪያ አይሰመርም። ድሮ የቀበርነው የብረት የውሃ ቱቦ ነበር። ነገርኩት፣ ፈገግ አለ፣ ያንን መስመር ከመረጃው አወጣው። ካርታ ላይ ቀጥ ያለ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ የሰው እጅ ጠርጥሩ። አሮጌ አጥር፣ የድሮ መንገድ፣ ቱቦ፣ ሁለት ማሳ አንድ የተደረገበት ድንበር።

ቀጥሎ ናሙና መጣ። ጠቡም እዚህ ጋ ጀመረ። ርካሹ ጥቅል ለአራት ሄክታር አንድ ናሙና ነው። ለእኔ ማሳ 12 ነጥብ ማለት ነው። በ12 ነጥብም ቢሆን ያማረ ካርታ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ምን ቸገረው፣ መሃሉን ሞልቶ ይቀባዋል። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ቀለም ግን ልኬት አይደለም፣ ግምት ነው። የግምቱ ሒሳብ ክሪጊንግ ይባላል። ስሙ የመጣው ከደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ከዳኒ ክሪግ ነው። ሰውየው ከጥቂት ጉድጓድ በተገኘ ናሙና የወርቅ መጠን የሚገመትበትን መላ ሲፈልግ ነበር። በኋላ ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትሮን ሒሳቡን አደራጅቶ በስሙ ጠራለት። ለወርቅ የተፈለሰፈው ለኖራ ዋለ።

ደጉ ነገር፣ ይህ ሒሳብ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ያሰላል። የት ቦታ በእርግጠኝነት እንደሚናገር፣ የት እየገመተ እንደሆነ የሚያሳይ ሁለተኛ ካርታ አለው። ጠየቅኋቸው። ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነበር። «ደንበኞች ግራ ስለሚጋቡ አናወጣውም» አሉኝ። አወጡልኝ። ናሙና በራቀበት ሁሉ ካርታው በግልጽ «አላውቅም» ይላል። እናንተም ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሄክታር አንድ ናሙና ተስማማን። 46 ከረጢት። ልዩነቱን ከራሴ ከፈልኩ፤ በዚህ ሥራ ካወጣሁት ሁሉ የማልቆጭበት ቢኖር ይሄ ነው። በየነጥቡ ልጁ በ5 ሜትር ዙሪያ 10 ጊዜ ቱቦውን ይወጋል። አሥሩን በባልዲ ያዋህዳል። ባልዲው የፕላስቲክ ነው፤ ዚንክ የተቀባ ባልዲ የዚንክ ውጤቱን ያበላሻል። ጠዋት ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ከቀትር በኋላ፣ መሬቱ ወደሚጠነክርበት ስንደርስ፣ ከቱቦው የሚወጣው አፈር አጠረብኝ። በጣቴ ለካሁት። 20 ሴንቲሜትር መሆን ሲገባው 12 እንኳ አይሞላም።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፎስፈረስ ከላይኛው አፈር ላይ ነው የሚከማቸው። ባጭሩ ከወጋችሁ ደረቁ መሬት ሀብታም መስሎ ይታያል። ካርታው ላይ የምታዩት «ለም ቀጠና» የባለሙያው ክንድ የደከመበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሲነገረው አልተቆጣም። ቱቦው ላይ 20 ሴንቲሜትር የሚደርስበትን በቀይ ፕላስተር ጠመጠመ፣ ወደ ኋላም ተመልሶ 7 ነጥብ ደገመ። እዚያ ባልቆም ግን ማን ያውቅ ነበር?

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ነገሩ ፈነዳ። ላይኛው አሸዋማ ጥግ 4.8 እና 4.9። ፒኤች ከ5 በታች ሲወርድ አፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመታዋል። ሥር ካጠረ ማዳበሪያ ቢያፈሱበትም ምን ይጠጣዋል? ያ ጥግ ለዓመታት ሲያስቸግረኝ የነበረው «ማዳበሪያ አንሶት ነው» በሚል ነበር። ዩሪያ እየጨመርኩለት። ዩሪያ ደግሞ ራሱ አፈሩን ያኮመጥጣል። በሽተኛውን በበሽታው ሳክመው ከረምኩ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የአስተላላፊነት ካርታውና የላቦራቶሪው ቁጥር ሲጋቡ ያየሁት ነው የገረመኝ። ሁለት ቦታ ፒኤቻቸው እኩል 5.1 ሆኖ፣ የሚፈልጉት ኖራ እኩል አይደለም። አሸዋማው ትንሽ ሲሰጡት ይስተካከላል። ሸክላማው ይውጣል፣ ይውጣል፣ ገና ነው። ኮምጣጣውን በጉያው ስለሚይዝ በቀላሉ አይለቅም። ለአሸዋው የሸክላውን መጠን ብትሰጡት ደግሞ ይበዛበትና እንደ ማንጋኒዝ ያሉት ንጥረ ነገሮች ለሰብሉ ይጠፋሉ። እኔ ስበትን የነበረው 2 ቶን በሄክታር ለአንዱ በዛ፣ ለሌላው አነሰ። አዲሱ ፋይል ከዜሮ እስከ 4 ቶን ነው። የኖራው ድምር ግን ከድሮው ብዙም አልተለየም። ቦታውን ነው የቀየረው።

ለነገሩ ይህ ሐሳብ ከሳተላይት በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሊንስሊና ባወር የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ገበሬው የማሳውን ኮምጣጣነት ቦታ በቦታ መርምሮ በካርታ ላይ እንዲነድፍ፣ ኖራውንም በዚያ ካርታ እንዲበትን መክረው ነበር። በእርሳስና በወረቀት። ቴክኖሎጂው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ባለ ትልቁ ማሽን ዘመን መጥቶ ሁሉንም እኩል መበተን ስለቀለለ ነው የተረሳው።

ፖታሽየሙ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። በአንድ ነጥብ ላይ ከዙሪያው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ወጣ። ፎስፈረሱም እንዲሁ። ድርጅቱ «የላቦራቶሪ ስህተት ነው፣ እንሰርዘው» አለ። ቆዩ አልኩ። ወደ ነጥቡ ሄድን። ቆሜ ዙሪያውን ስቃኝ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ የከብቶቹ በረት እዚያ ነበር። ከፈረሰ ስንት ዘመኑ። ፍጉ ግን መሬት ውስጥ አለ። በዚያ አካባቢ ድጋሚ ናሙና ወሰድን፣ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ፣ ሹፌሩ አንዴ ከተሳሳተው በቀር፣ እዚያ ሁለት ሄክታር ላይ ፎስፈረስም ፖታሽም አልበተንኩም። ስንዴውም አላማረረም። «የማይመስል ቁጥር» ሲወጣ ከመሰረዛችሁ በፊት ሂዱና እዩት፤ ምክንያቱን ታሪክ ያውቀው ይሆናል።

ፎስፈረስ ካነሳሁ አይቀር፣ ያበሳጨኝን ልናገር። በሪፖርታቸው ላይ ከድሮው ወረቀቴ ጋር አነጻጽረው «ፎስፈረስዎ ከእጥፍ በላይ አድጓል» ብለው ጻፉ። ደስ ሊለኝ ነበር። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳይ፣ የድሮው በኦልሰን ዘዴ፣ አዲሱ በሜሊክ 3 የተመረመረ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ፎስፈረሱን ከአፈሩ የሚያወጡበት ፈሳሽ የተለያየ ነው፤ ቁጥራቸው በቀጥታ አይነጻጸርም። ሜሊክ 3 አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጠው። አፈሩ አላደገም፣ መለኪያው ተቀየረ እንጂ። ስነግራቸው አረሙት። ግን እኔ ባልነግራቸው ኖሮ ፎስፈረስ ላቋርጥ ነበር።

የናይትሮጅን ካርታ የሚባልም ሸጡልኝ። ምን ልበላችሁ፣ አትግዙ። ናይትሬት ከውሃ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ናሙናው ላቦራቶሪ ደርሶ ውጤቱ ሳይመለስ ሁለት ቀን ዶፍ ጣለ። ካርታው እጄ ሲገባ ማሳው ላይ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ኮምጣጣነትና ፎስፈረስ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ካርታ ይሠራላቸዋል። ናይትሬት ግን ዛሬ ታይቶ ነገ የለም።

አሁን ወደ ድሮኑ። ምስሉ ያምራል፣ አልክድም። አረንጓዴው ደማቅ፣ ቢጫው ገርጣ። ቅጠል ጤነኛ ሲሆን ቀዩን ብርሃን ይጠጣል፣ ለዓይን የማይታየውን ታህታይ ቀይ ግን መልሶ ይተፋዋል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ተካፍሎ ኤንዲቪአይ የሚሉት ቁጥር ይወጣል። ጥሩ። ግን ሰብሉ ሲጠቀጠቅና መሬቱን ሲሸፍን ቁጥሩ ጣራ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ጥሩውን ከበጣም ጥሩው አይለየውም። በእኔ ማሳ ላይ ደግሞ ከሁሉ የደመቀው «ምርጥ ቀጠና» ተብሎ ተሰየመ። ሄጄ አየሁት። አረም ነው። ከስንዴው የበለጠ የለመለመ አረም! ለአረሙ ተጨማሪ ናይትሮጅን ልበትንለት ነበር እኮ።

ከሳተላይት የሚገኘው ምስል ግን ነጻ ነው። የአውሮፓው ሴንቲነል 2 አንድ ነጥቡ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፣ በሄክታር 100 ነጥብ ማለት ነው። ሁለት ሳተላይቶች ሲተባበሩ ሰማዩ ከጠራ በየ5 ቀኑ ያመጡታል። የአምስት ዓመቱን ደርድሬ ሳየው ሁልጊዜ የሚገረጣው ቦታ ወጣ። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ድሮኑን ከፍዬበት ያገኘሁት ከዚህ ብዙም አይለይም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኋላ የአረም ቦታ ለይቶ ለመርጨት ይጠቅም ይሆናል፤ ለአፈር ካርታ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከኮምባይነሩ የወጣው የምርት መረጃ የተሻለ ቁም ነገር ነበረው፣ ሲጸዳ። መጀመሪያ ያመጡልኝ ካርታ የማሳውን ዳርና ዳር ሁሉ «ደካማ» ይላል። ሁሉም ዳር? ገባኝ። ኮምባይነሩ ሰብሉን ከቆረጠ በኋላ እህሉ መለኪያው ጋ እስኪደርስ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ወደ ማሳው ሲገባ መቁረጫው ሞልቶ መለኪያው ገና ባዶ ነው። ያንን መዘግየት ካላስተካከሉ በእያንዳንዱ ረድፍ መግቢያ ላይ የሌለ ድርቀት ይሳላል። አስተካከሉት፣ ተጨማሪም አላስከፈሉኝም። ዳሩ ግማሹ ዳነ። ግማሹ ግን ደካማ እንደሆነ ቀረ፤ በታችኛው በኩል አንድ ረዥም ሰንበር።

ያ ሰንበር በአስተላላፊነት ካርታው ላይ የለም። በላቦራቶሪውም ንጥረ ነገሩ ሙሉ ነው። ፒኤቹም ደህና። ድርጅቱ «እዚያ ዘር ቀንሱ» ብሎ ደመደመ። እኔ አካፋ አወጣሁ። እስከ ወገቤ ቆፈርኩና የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ወጋ ወጋ አደረግሁት። እስከ 22 ሴንቲሜትር ቢላው ያለ ድካም ገባ። ከዚያ በታች ቀጥ። አራት ጣት የሚሆን ንጣፍ፣ እንደ ጡብ። የስንዴው ሥሮች እዚያ ደርሰው ወደ ጎን ተጣጥፈዋል፤ እንደ ተቆለመመ ምስማር። ከንጣፉ በላይ አፈሩ እርጥብ፣ ከሥሩ ደረቅ። በመኸር ጊዜ እህል የሚጭነው ተጎታች ሁልጊዜ ቆሞ የሚጠብቅበት መስመር ነው። አፈሩ ተጠቅጥቋል። መሣሪያዎቹ ሁሉ አልፈውበታል፣ አንዱም አልነገረኝም። ዘር መቀነስ ምን ያደርግለታል? መሬቱ ሲደርቅ በጥልቅ መንቀያ ሰበርነው፣ ተጎታቹም መቆሚያው ተቀየረ።

ፋይሎቹ ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የሚበትነው ማሽን ያነባል የተባለው ሼፕፋይል የሚሉት የካርታ ፋይል ነው። ስሙ አንድ ይምሰል እንጂ ቢያንስ ሦስት ፋይል ነው፤ ቅርጹ በአንዱ፣ ማውጫው በሌላው፣ ቁጥሮቹ በሦስተኛው። እነሱ የላኩልኝ ቅርጹን ብቻ። የትራክተሩ ስክሪን ቀጠናዎቹን አሳምሮ አሳየ፣ መጠኑ ግን በሁሉም ቦታ ዜሮ። ሹፌሩ ማሳው ዳር ቆሞ ግማሽ ቀን ጠበቀ። ስደውል «ኢንተርኔቱ ነው» አሉኝ። ኢንተርኔቱ አልነበረም። በዚፕ አንድ ላይ አስራችሁ ላኩ ብዬ ጮህኩ፣ መጣ።

ለፖታሹ የተጠቀምነው አሮጌው መበተኛ ነው፤ ፋይል አያነብም። ስለዚህ ካርታውን አትመን ለሹፌሩ ሰጠነው። ኖራው ካርታ ላይ ቀይ ማለት «ጎድሎታል፣ ጨምር» ነው። ፖታሹ ካርታ ላይ ቀይ ማለት «ሞልቷል»። ያው ድርጅት፣ ያው ሪፖርት፣ ሁለት ገጽ ልዩነት። ከቢሮ ወጥቼ ስደርስ ቀዩ ላይ እየተንቀረቀበ ሦስት ዙር ሄዷል። እዚያው የድሮው በረት አካባቢ!

«አንተ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ጋሼ፣ ቀዩ ላይ ጨምር ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

ብዬዋለሁ። ለኖራው። ምን ልለው? ካርታውን ተቀብዬ በማርከር በየቀጠናው ላይ በኪሎ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ቀለም ብቻ ያለው ወረቀት ለሹፌር አይሰጥም። ለድርጅቱም አቤቱታ ጻፍኩ፤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ቀጣዩ ሪፖርት ላይ ግን ቀለሙ ያው ነው።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ። ኖራውን ስንበትን ሁሉንም ቀጠና የሚያቋርጥ አንድ ሰቅ በድሮው መንገድ፣ 2 ቶን እኩል፣ እንዲበተን አድርጌ ነበር። ድርጅቱ ይህን አልወደደውም። ለእኔ ግን ዋናው ማነጻጸሪያ እሱ ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በመጀመሪያው ወቅት ምንም አላየሁም፣ ቅሬታም ላሰማ ቃጥቶኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ላይኛው ኮምጣጣ ጥግ በሄክታር ከ19 ኩንታል ወደ 27 ወጣ። ድርጅቱ «8 ኩንታል ጨመርንልዎ» ብሎ ለማስታወቂያ ሊጠቀምበት ፈለገ። ሰቁ ግን ያኔ 22 ሰጥቷል። ዓመቱ ራሱ ደግ ነበር። የካርታው ድርሻ 5 ነው። 5ም ለእኔ ትልቅ ነው፤ 8 ግን አይደለም።

ለየቀጠናው የዘር መጠን መለዋወጡ ልዩነት አላመጣም። ሁለት ዓመት ሞከርኩት፣ ተውኩት። ፖታሹና ፎስፈረሱ ምርት አልጨመሩም፣ ግን ከበፊቱ ያነሰ በትኜ ያው ምርት ገባ፤ ያ ለእኔ ትርፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት የማደሻውን ውል ላኩልኝ። ድሮኑ አሁንም ከፊት ነው። ሰረዝኩት። የናይትሮጅኑን ካርታ ሰረዝኩ። የኮምጣጣነቱ ናሙና በአራተኛው ዓመት፣ በእነዚያው 46 ነጥቦች ላይ፣ በዚያው የምርመራ ዘዴ ይደገም ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ለአንድ ቀን አንድ ባለሙያ፣ ከአካፋ ጋር።» ደወሉልኝ። እንዲህ የሚባል አገልግሎት ዝርዝራችን ላይ የለም አሉኝ። ያ ልጅ ይምጣ፣ አካፋው እኔ ጋ አለ አልኳቸው።